የአያቴ አያት ከፋ ዘምቶ ነበር

ጎጀብ ድልድይ ላይ ስንደርስ ስልኬ ጠራ።

«የት ደረሳችሁ?»

«ጎጀብ።»

«በቃ፣ ከፋ ገብታችኋል» አለና ሳቀ። «እናቴ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ መንገድ እያየች ነው።»

ጅማ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት አንድ ዶርም ውስጥ የኖርን ጓደኛዬ ነው። እሱ የቦንጋ ልጅ፣ እኔ የአዲስ አበባ። ከጅማ ቦንጋ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ግን አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም። በየበዓሉ «ና እንሂድ፣ እናቴ በስም ታውቅሃለች እኮ» ይለኛል። እኔም ምክንያት አላጣም ነበር፤ አንዴ ፈተና፣ አንዴ ብር፣ አንዴ ዝናብ። ተመርቀን አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ ሚዛን የሚወስደኝ ጉዳይ የተገኘው። «አንድ ሌሊት ቦንጋ እናድራለን» አልኳቸው። ማንም አልተቃወመም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያኔ ያላስኬደኝ ዝናብ አልነበረም።

ሦስተኛ ዓመት ሳለን፣ መብራት የጠፋበት አንድ ምሽት፣ ስድስት ልጆች ሻማ ከብበን ስለ ቤተሰቦቻችን እናወራ ነበር። ተራዬ ሲደርስ እኛ ቤት በየበዓሉ የሚወራውን አወራሁ። የአያቴ አያት የቡልጋ ሰው ነው፤ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ከፋ ዘምቷል፤ በእግሩ ሄዶ በበቅሎ ተመልሷል። «ሰው ሁሉ ይዞ ነው የመጣው» ይባላል ቤታችን ውስጥ። ያንን ቃል እንዳለ ደገምኩት። «ሰው ይዞ ነው የመጣው» አልኩ፣ ጀግንነት መስሎኝ። ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ተነሥቶ አልጋው ላይ ወጣና ብርድ ልብሱን ተከናነበ። በማግስቱ እንደ ወትሮው አብረን ቁርስ በላን። ስለዚያ ምሽት ግን እሱም አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። እንዲሁ ዓመታት አለፉ።

*

ጎጀብን በመኪና ስትሻገሩት ወንዝ ብቻ ነው። ቡናማ ውኃ፣ ሙቀት፣ ድልድይ፣ ከዚያ ዳገት። ወርዶ ወርዶ ኦሞን ይቀላቀላል። ለብዙ መቶ ዓመታት ግን ይህ ወንዝ የአንድ መንግሥት አጥር ነበር።

የከፋ መንግሥት የተመሠረተው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ንጉሡ «ታቶ» ይባላል፤ የሚነግሠውም ከሚንጆ ጎሣ ነው። ብቻውን ግን አይወስንም፤ «ሚክሬቾ» የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች አሉት። አገሩ በዙሪያው ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮለት፣ በእንጨት አጥር ታጥሮ፣ የሚገባውና የሚወጣው በተወሰኑ በሮች ብቻ ነበር። በየበሩ ዘብ አለ። ነጋዴ ይመጣል፣ ቡናውን፣ ማሩን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ የዝባዱን ቅባት ይገዛል፣ ባሪያም ይገዛል፣ ይሄዳል። ፈረንሣዊው አንቷን ዳባዲ በ1843 እ.ኤ.አ. ቦንጋን ካዩት የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን አንዱ ነው። ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጉሊየልሞ ማሳያ ደግሞ በ1859 ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ተባረረ።

ሌሎቹ ደግሞ ሳያዩአት ይመኟት ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 እ.ኤ.አ. ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው ሲያነግሡት የሰጡት ማዕረግ «ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» የሚል ነበር። ጎጃም በእጁ ናት፤ ከፋ ግን የራሷ ንጉሥ ነበራት። በዓመቱ እምባቦ ላይ ምኒልክ ተክለ ሃይማኖትን ድል አደረጉ፤ የደቡብ ምዕራቡ መንገድም ለሸዋ ተከፈተ።

የዚያ መንገድ መጨረሻ የመጣው በ1889 ዓ.ም ነው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ከሌሎች መኳንንት ጋርና የጅማው አባ ጅፋር ጦር ታክሎበት ከፋን ከበባት። በአንድ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ ከዓድዋ ማግስት የሆነና እስከ አፍንጫው የታጠቀ ሠራዊት፤ በሌላ በኩል ጦርና ጋሻ፣ ከሦስት መቶ የማይበልጥ አሮጌ ጠመንጃ። እንዲያም ሆኖ ጦርነቱ ወራት ፈጀ። ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ጫካ ለጫካ እየተሸሸገ ቆይቶ፣ አዲሱ ዓመት 1890 በገባ ሰሞን፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1897 እ.ኤ.አ. ተያዘ።

ቦንጋ ውስጥ የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ የሚነግራችሁ ነገር አለ። ንጉሡ በብር ሰንሰለት ታስሮ ሲወሰድ፣ ጎጀብን ሲሻገር የወርቅ ቀለበቱን አውልቆ ወንዙ ውስጥ ጣለው፤ የከፋ ንግሥና በእኔ አብቅቷል፣ ቀለበቱም እዚሁ ይቅር አለ ይባላል። እውነት ይሁን ተረት ማረጋገጥ አይቻልም። ጓደኛዬ ግን ትንሽ ሆኖ ጎጀብን በአውቶቡስ ሲሻገር ሁልጊዜ በመስኮት ወደ ውኃው ያይ እንደነበር ነግሮኛል። ምናልባት ይታይ እንደሁ ብሎ።

ይኸው ወንዝ ከ39 ዓመት በኋላ ሌላ ሽንፈት አየ። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ራስ እምሩ ከጥቁር አንበሳ ጓዶች ጋር ከጎሬ ተነሥተው ሲዋጉ ቆይተው፣ በዲሴምበር 1936 እ.ኤ.አ. እጃቸውን የሰጡት እዚሁ ጎጀብ ዳር ነው። ወደ ጣሊያን ተግዘው ፖንዛ ደሴት ላይ ታሰሩ። ሙሶሊኒ በ1943 ከሥልጣን ወርዶ በተራው ሲታሰር ያስቀመጡት ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው። ይህን ታሪክ ሁላችንም በደስታ እናወራዋለን። የቀለበቱን ታሪክ ግን ከከፋ ውጭ ስንቶቻችን ሰምተናል?

*

ቦንጋ ስንደርስ ዝናብ ሊጥል ነበር። ከተማዋ በኮረብታዎች ላይ ተበትና የተሠራች ናት፤ ከየትኛውም ደጃፍ ቀና ስትሉ ደን ይታያችኋል። ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ስለዚህ ግንባታ አለ፣ ባጃጁ በዝቷል፣ የቤት ኪራዩም ጨምሯል።

ጓደኛዬ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል። ሚስቱም ከእኛ ባች ናት፤ ካምፓስ ሳለን እሷን ለማናገር ሦስት ወር ልምምድ እንዳደረገ እኔ ምስክር ነኝ። በር ላይ ስታገኘኝ «አንተ! ሆድ አወጣህ!» ብላ ነው የተቀበለችኝ። እናትየው ግን ሁለት ጉንጮቼን ይዘው ስመው፣ ትክ ብለው አይተውኝ፣ «ይኸ ነው የማይመጣው ልጅ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ቆመ።

ቡና ተቆላ። ከፋ ቤት ገብታችሁ ስለ ቡና ሳታወሩ አትወጡም። በከፊኛ «ቡኖ» ነው። ማንኪራ የሚባል ደን አለ፤ የቡና መገኛ እሱ ነው ይላሉ። እዚያው ከተማ ውስጥ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተሠርቷል፤ ዩኔስኮም በ2010 እ.ኤ.አ. የከፋን ደን በባዮስፌር ክምችትነት መዝግቦታል። ከባልደረቦቼ አንዱ፣ የጅማ ልጅ ነው፣ ሳያስበው «ቡና የተገኘውማ እኛ ጋ ነው» ብሎ ነገር ጫረ።

«እናንተማ ስማችንንም ወስዳችሁ ነበር» አለችው የጓደኛዬ ሚስት።

እውነቷን ነው። አባ ጅፋሮች የገዙት ጅማ የራሱ መንግሥት ነበር። በኋላ ግን «ከፋ ጠቅላይ ግዛት» ሲባል ዋና ከተማው ጅማ ሆነ፤ በደርግም «ከፋ ክፍለ ሀገር» ተብሎ ዋና ከተማው እዚያው ጅማ ቀረ። የእኔ እናት እስከ ዛሬ ድረስ ጅማን «ከፋ» ትላታለች። ስሙ ሄዶ አገሩ ቀርቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ሌላም ክርክር አለ። የዓለም ሕዝብ ቡናን የሚጠራበት ስም ከ«ከፋ» የመጣ ነው ሲባል ሰምታችኋል። ብዙ የቋንቋ አጥኚዎች በዚህ አይስማሙም። ስሙ የመጣው «ቀህዋ» ከሚለው ዓረብኛ ነው፤ እሱም ቀድሞ ለወይን ጠጅ ያገለግል የነበረ ቃል ነው ይላሉ። ይህን ስናገር ጓደኛዬ በአስተማሪ አንገቱን ነቀነቀ። ሚስቱ ግን አልተበገረችም። «ስሙ ከእኛ መጣም አልመጣ፣ ዛፉ እዚህ ነው። ሂድና ጫካው ውስጥ እየው፤ ማንም አልተከለውም።» በዚህ ላይ ሳይንሱም ከእሷ ጋር ነው፤ አረቢካ ቡና በተፈጥሮው በዱር የሚበቅለው በዋናነት በእነዚህ የደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ ነው።

*

ባልደረቦቼ ወደ ሆቴላቸው ሄዱ። እናትየው ተኙ። እኔና ጓደኛዬ በረንዳ ላይ ቀረን። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጮክ ብለን ካላወራን አንሰማማም ነበር።

«ያን ቀን ማታ» አልኩት፣ «ሻማ ይዘን...»

«አስታውሳለሁ» አለኝ፣ ሳልጨርስ።

ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። እሱ ግን ይቅርታውን አልፈለገም። «አንተ አልዘመትክ» አለ። «የከፋኝ ሌላ ነው። ታሪክ ተማሪ ነህ፣ ፎክረህ ስታበቃ ‹ይዞ የመጣው ሰው ማን ነበር?› ብለህ አልጠየቅክም። አንድ ቀን እንኳ።»

ከዚያ እንደ አስተማሪ ማውራት ጀመረ። በመማሪያ መጽሐፎቻችን ከፋ የምትመጣው ሁለቴ ነው አለኝ፤ አንዴ ስለ ቡና ሲነሣ፣ አንዴ «ተጠቃለለች» ሲባል። ተማሪዎቹ «ተጠቃለለች ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ሲጠይቁት የሚያነብላቸው መጽሐፍ የለውም።

ያነበብነውን አንድ ላይ ሰበሰብነው። ከፋ በተያዘች በወራት ውስጥ ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር በአገሩ አልፎ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ ወርዷል። በኋላ በ1900 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የጻፈው ባዶ የቀሩ መንደሮችን፣ ሜዳ ላይ የተበተነ የሰው አጥንትን ነው። ይህ ሰው የጦሩ ጠላት አልነበረም፤ ራሱን ወልደ ጊዮርጊስን ያደንቃል። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1905፣ ፍሪድሪክ ቢበር የሚባል ኦስትሪያዊ መጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ ከፋ ሲያልም የኖረ ሰው ነው። የተረፉ ሽማግሌዎችን እየጠየቀ ሥርዓቱን፣ ንግሥናውን፣ ጎሣውን መዘገበ፤ ሁለት ትልልቅ ጥራዝም አሳተመ። መጽሐፎቹ በጀርመንኛ ናቸው። «የአያቶቼን ወግ ለማንበብ መጀመሪያ ጀርመንኛ መማር አለብኝ» አለ ጓደኛዬ። ሊያሥቀኝ ፈልጎ ነበር መሰለኝ፤ ሁለታችንም ግን አልሳቅንም።

ዘውዱም ተሰዶ ነበር። ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡትና ወደ አውሮፓ ተወሰደ። ዘውዱ በአገሩ እስካለ ከፋ ትነሣለች የሚል ትንቢት ስለነበረ ነው ይባላል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 እ.ኤ.አ. አውሮፓን ሲጎበኙ ነው የተመለሰው። የተመለሰው ግን አዲስ አበባ ነው። ጋኪ ሸሮቾ ራሱ በምርኮ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሮ በ1919 እ.ኤ.አ. ሞተ። ያሸነፈው ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት በጎንደር ንጉሥ ተብሎ ዘውድ ደፍቶ ነበር።

የሁለቱ ዕጣ ተጽፏል። «ሰው ይዞ መጣ» የተባሉት ሰዎች ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ሳለ፣ በየትኛውም መጽሐፍ ስማቸው የለም። ከዘመቻው በኋላ ባሉት ዓመታት ከደቡብ ምዕራብ ወደ መሀል አገር ሲነዱ ኖረዋል። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በ1916 ዓ.ም አዋጅ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም ነው። እነሱም ቢሆኑ የሚኖሩት በሰው ቤት ውስጥ ነበር። በእኛም ቤት።

*

ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ገበያ ወጣን። ዳገቱ ላይ ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች አለፉን። ጓደኛዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማንጆ ናቸው» አለኝ። «ትናንት ያልነገርኩህ አለ።»

ማንጆዎች በድሮው ከፋ አዳኞች ነበሩ፤ የአጥሩን በሮች የሚጠብቁትም እነሱ ነበሩ ይባላል። አገሩን እየጠበቁ አገሩ ግን ቤቱ አያስገባቸውም። አብሮ መብላት የለም፣ ጋብቻ የለም። የጓደኛዬ አያት ለማንጆ ሰው የሚሰጡትን ምግብ በኮባ ቅጠል አድርገው ከደጅ ያኖሩ ነበር። «አንድ ቀን ልጅ ሆኜ የማንጆ ልጅ ኳስ ይዞ ግቢያችን ገባ» አለኝ። «አያቴ አባረሩት። እኔ ምንም አላልኩም። ኳሱን ብቻ ወረወርኩለት።» ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ሁሉም ግን አልተለወጠም። ክፍሉ ውስጥ ማን ከማን ጋር አንድ ወንበር እንደሚቀመጥ ሲያይ ይገባዋል።

የከፋ ነገሥታትም ባሪያ ይሸጡ ነበር፤ ይህንንም አልደበቀኝም። «ታዲያ ይሄ የእናንተን ያቀለዋል ማለት አይደለም» አለኝ። «አያቀለውም» አልኩት። «የእኔንም አያቀለውም» አለ። ከዚያ ማር ገዛን።

ቤት ስንመለስ ቡልጋ ለምትኖረው አያቴ ደወልኩ። ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። የት እንዳለሁ ነገርኳት።

«ከፋ? አንተ! ምን ወሰደህ?»

«እምዬ፣ አያትሽ ከከፋ ይዘዋት የመጡት ሰው ነበረች አይደል?»

ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«እሷማ እኔን አዝላ ያሳደገችኝ ናት» አለች በመጨረሻ። «ጡቷ ደርቆ እንኳ ሳለቅስ ታጠባኝ ነበር ይላሉ። ሕፃን ሆና ነው የመጣችው፤ አርጅታ ሞተች።»

«ስሟስ?»

ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ጌቶቿ ያወጡላት እንጂ የእሷ አልነበረም። አያቴም ወዲያው ይህንኑ አለች። «እሱ የሰጧት ነው። የናት ያባቷን ማን ጠየቃት? እኛም ልጆች ነበርን፣ አልጠየቅንም።»

«ስለ አገሯ አታወራም ነበር?»

«ምን ታወራለች። ብቻ ክረምት ሲገባ በር ላይ ትቆምና ዝናቡን ታያለች። ‹የኛ አገር ዝናብ እንዲህ አይደለም› ትል ነበር። እኔ አሁን ነው ትዝ ያለኝ።»

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው ነበር። የጓደኛዬ እናት ጀበናውን ይዘው ቆመው ሰምተዋል። ይቆጡ ይሆን ወይ ያለቅሱ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ሁለቱንም አላደረጉም። ተቀመጡና አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«የት ተቀበረች?»

አላውቅም ነበር። ይህንንም ጠይቄ አላውቅም።

«ጠይቅና ንገረኝ» አሉኝ። «ሰው የት እንደተኛ ይታወቃል።» ከዚያ ሲኒውን ሞሉልኝ፤ ሚዛን ሩቅ ስለሆነ ሳልበላ እንዳልወጣ አዘዙ።

*

የዛሬው ክርክራችን ሁሉ ስለ ምኒልክ ነው፤ አንዱ ይክባል፣ አንዱ ያዋርዳል። ስልካችን ላይ በየቀኑ እናየዋለን። እኔም ለዓመታት ከዚህኛው ወይ ከዚያኛው ጎራ ሆኜ ጽፌአለሁ። በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ግን አያቴን በጀርባዋ ያዘለች አንዲት ሴት አንድም ቀን አልመጣችም። ታሪክ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የማውቀው የበቅሎውን ታሪክ ነው።

ከሚዛን እንደተመለስኩ አያቴን እንደገና ጠየቅኋት። ለሦስት ቀን አስባ፣ አንዲት የእድሜ እኩያዋን ጠይቃ መልሳ ደወለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ ነው፤ ከአጥሩ ሥር፣ በምሥራቅ በኩል፣ ግራዋ ካለበት። ድንጋይ አልተደረገበትም። ክረምቱ ሲወጣ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከአያቴ ጋር ልንሄድ ተቃጥረናል።

ለጓደኛዬ ደውዬ ነገርኩት። «ቆይ» አለና ስልኩን ወዲያ አድርጎ በከፊኛ ሲያወራ ሰማሁ። ተመለሰ።

«ምን አሉ?»

«‹ጥሩ ነው› አለች። ስትሄዱ ከኛ ቤት ቡና ይዘህ እንድትሄድ ትፈልጋለች። ነገ በአውቶቡስ እልክልሃለሁ።»